መጀመሪያ ደሙ ይቀዳ፤ መድኃኒቱ ይከተላል፦ ስለ ልብ ውስጠኛ ሽፋን ኢንፌክሽን

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሰው ሲያተኩሰው ቤት ውስጥ የሚባለው ያው ነው። «ብርድ መትቶሽ ነው።» «ምች ነው፤ ዳማ ከሴ እሹላት።» ሁለት ቀን ካለፈ «ሂጂና ታይፎይድ ታይፈስ ተመርመሪ» ይከተላል። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ ስለሆነች ወባም ይጠረጠራል። አብዛኛው ትኩሳት ከእነዚህ አንዱ ሆኖ ይገኛል፣ ወይም በራሱ ጊዜ ይለቃል።

እዚህ የምጽፈው ስለ አንድ የተለየ ሰው ትኩሳት ነው። የልብ ቫልቭ ሕመም እንዳለበት ስለተነገረው፣ ወይም በቀዶ ሕክምና ሰው ሠራሽ ቫልቭ ስለገባለት ሰው። እሱ ሲያተኩሰው በመጀመሪያ መነሳት ያለበት ጥያቄ «ልቡ ተይዞ ይሆን?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ዋና ምርመራ ደግሞ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት መሠራት አለበት። ይህ ቅደም ተከተል ብዙ ቤት ውስጥ አይታወቅም። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ከልብ አሠራር እንጀምር። ልብ 4 ክፍሎችና 4 ቫልቮች አሉት። ቫልቭ ማለት ደም ወደፊት እንዲያልፍ የሚከፈት፣ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ ስስ ክዳን ነው። ክፍሎቹንም ቫልቮቹንም ከውስጥ የሚያለብስ ልስልስ ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን፣ በተለይ ቫልቮቹ ላይ ያለው፣ በባክቴሪያ ሲጠቃ በሽታው ኢንዶካርዳይተስ ይባላል። አልፎ አልፎ ፈንገስም ያመጣዋል።

ባክቴሪያ ደም ውስጥ መግባቱ ብርቅ ነገር አይደለም። የታመመ ድድ ያለው ሰው ጥርሱን ሲፍቅ ይገባል። ከቆዳ ቁስል፣ ከእባጭ፣ መድኃኒት እንዲገባበት እጅ ላይ ተሰክቶ ከሰነበተ ቀጭን ቱቦ (ካኑላ)ም ይገባል። ጤነኛ ልብ ውስጥ የሚያርፍበት ቦታ ስለማያገኝ ሰውነት ቶሎ ያጸዳዋል። የተጎዳ ቫልቭ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። የቦርከና ውሃ ለስላሳውን ድንጋይ አጥቦት ያልፋል፤ ሸካራው ላይ ግን ቅጠሉም ደለሉም ይያዛል። ጠባሳ ያለበት ቫልቭም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ትንሽ የረጋ ደም ይለጠፍበታል። ባክቴሪያው እዚያ ላይ ያርፋል። በላዩ ሌላ የረጋ ደም ይደረብበታል። ሐኪሞች ይህን ክምር ቬጂቴሽን ይሉታል።

በሀብታም አገሮች በሽታው በብዛት የሚይዘው በዕድሜ የገፉትን፣ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ወይም የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመላቸውን፣ ዕፅ በመርፌ የሚወስዱትን ነው። እኛ ዘንድ ወጣቱን ያጠቃል። ምክንያቱ ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ልጅ ሳለ ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ ጉሮሮው ይታመማል። በደንብ አይታከምም። ከሳምንታት በኋላ የሰውነቱ የመከላከያ ኃይል ዞሮ የራሱን መገጣጠሚያና የልብ ቫልቮች ያጠቃል። ዓመታት ሲያልፉ ቫልቩ ይጠብባል ወይም ደም ያሾልካል። ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው በግራ በኩል ያለው ሚትራል የሚባለው ቫልቭ ነው። ስለዚህ የኛ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ተማሪ ነው፣ ገና ሥራ የጀመረ ጎልማሳ ነው፣ ትንንሽ ልጆች የምታሳድግ እናት ናት።

በነገራችን ላይ፣ ጉሮሮው ቶሎ ቶሎ የሚታመም ልጅ «እንጥሉ ይቆረጥ» መባሉ መቅረት አለበት። ቶንሲሉን አያድነውም። ንጹሕ ያልሆነ ምላጭ አፍ ውስጥ የሚተወው ቁስል ራሱ ባክቴሪያን ወደ ደም የሚያስገባ በር ነው።

በሽታው ሁለት መልክ አለው። አንዱ ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው። ዝቅተኛ ትኩሳት፣ ሌሊት ላብ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ መክሳት፣ ድካም። ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ይጎትታል። ብዙ ጊዜ የሚያመጡት አፍ ውስጥ የሚኖሩ የስትሬፕቶኮከስ ዓይነቶች ናቸው። ሌላው ድንገተኛው ነው። ዋናው አምጪው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ይባላል፤ እባጭና መግል የሚያመጣው ያው ባክቴሪያ ነው። ይህኛው ደህና የነበረውን ቫልቭ እንኳ ሊይዝ ይችላል። ከፍተኛ ትኩሳትና የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ይዞ ይመጣል፣ በቀናት ውስጥም ቫልቩን ይበላዋል። ሰኞ ሥራ የዋለ ሰው በሳምንቱ ተንጋልሎ መተኛት ሊያቅተው ይችላል። ካናዳዊው ሐኪም ዊልያም ኦስለር በ1885 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለንደን ላይ ስለዚህ በሽታ ባስተማረው ትምህርት፣ መልኩ መለዋወጡንና ለመለየት ምን ያህል እንደሚያስቸግር አስረድቶ ነበር። ችግሩ ዛሬም አልተፈታም።

የሚያስቸግረው ምልክቱ ልብ ላይ ብቻ ስለማይታይ ነው። ቬጂቴሽኑ ይሰበራል። ቁርጥራጩ ከደም ጋር ይሄድና የሆነ ቦታ ላይ ቧንቧ ይዘጋል። አንጎል ውስጥ ከሆነ አፍ ይጣመማል፣ አንድ እጅና እግር ይዝላል፣ ንግግር ይኮላተፋል። ጣፊያ ውስጥ ከሆነ በግራ የጎን አጥንት ሥር ኃይለኛ ውጋት ይመጣል። ኩላሊት ከሆነ ሽንት ደም ይቀላቅላል። በሽታው የቀኙን የልብ ክፍል ከያዘ ቁርጥራጩ ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ያኔ ሳልና የደረት ውጋት ይኖራል። ጥፍር ሥር ስንጥር የመሰለ ጥቁር ቀይ መስመር፣ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ነጠብጣብ፣ ጣት ጫፍ ላይ የሚያም ትንሽ እብጠትም ሊታይ ይችላል። በጠይም ቆዳ ላይ እነዚህ በቀላሉ ያመልጣሉ። የታችኛውን የዓይን ሽፋን ገለጥ አድርጎ ማየት ይረዳል። ባይኖሩም በሽታው የለም ማለት አይቻልም።

ወጣት ሰው ትኩሳት ይዞት እያለ በድንገት አፉ ከተጣመመ ወይም እጁ ከዛለ፣ በቀጥታ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ነው መሄድ ያለበት። ቤት ውስጥ እስኪነጋ አይጠበቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ምርመራው የደም ካልቸር ይባላል። ደም ተቀድቶ ለባክቴሪያ ምግብ የሚሆን ፈሳሽ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ባክቴሪያ ካለ እዚያ ይራባል። ከዚያ ማንነቱ ይታወቃል፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውም ይፈተናል። ብዙውን ጊዜ በ2 እና 3 ቀን ውስጥ ይበቅላል፤ እስከ 5 ቀን ይጠበቃል።

ለኢንዶካርዳይተስ አንድ ጠርሙስ አይበቃም። ከተለያየ ቦታ፣ በተለያየ መርፌ፣ ቢያንስ 3 ጊዜ ይቀዳል፤ በየጊዜው ሁለት ጠርሙስ ይሞላል። ለአዋቂ ሰው በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ይፈለጋል። «ደሟን ጨረሱት እኮ!» ብሎ የሚቆጣ አስታማሚ አይጠፋም። ሁሉም ተደምሮ ቢበዛ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ደም የሚለግስ ሰው በአንድ ጊዜ 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሰጣል። ሦስት ጊዜ የሚደጋገመው ደግሞ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ቆዳ ላይ የሚኖር ምንም የማያደርግ ባክቴሪያ በመርፌው ገብቶ ሊያሳስት ይችላል። አንዱ ጠርሙስ ላይ ብቻ ከበቀለ ጥርጣሬ ይኖራል፣ ሁሉም ላይ ያው ከበቀለ ግን ጥያቄ የለም። ሁለተኛ፣ ቫልቭ ላይ የተተከለ ባክቴሪያ ሳያቋርጥ ወደ ደም ይለቃል። በተለያየ ጊዜ ተቀድቶ ደጋግሞ መገኘቱ ራሱ ምንጩ ልብ ውስጥ መሆኑን ይጠቁማል።

ይህን ሁሉ የሚያበላሸው ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ጥቂት አሞክሲሲሊን ነው። ወይም አንድ ቦታ ላይ «ለማንኛውም» ተብሎ የተወጋ ሴፍትሪያክሶን። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ይቀንሰዋል፣ ቫልቭ ላይ ያለውን ግን አይነቅለውም። ትኩሳቱ ለሁለት ሦስት ቀን ይበርዳል። ሰውየው ዳነ ይባላል። መድኃኒቱ ሲያልቅ ተመልሶ ያተኩሰዋል። ያኔ ካልቸር ቢሠራ ምንም ላይበቅል ይችላል። ሐኪሙ ጠላቱን ሳያውቅ በግምት ያክማል ማለት ነው።

ስለ ታይፎይድ ምርመራም አንድ ነገር ልበል። በየክሊኒኩ የሚሠራው ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ በራሱ አስተማማኝ አይደለም። ድሮ የታመመ፣ የተከተበ፣ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ላይም «አለ» ሊል ይችላል። የቫልቭ ሕመም ያለበት ሰው በአንድ ወር ውስጥ ሁለቴ ሦስቴ «ታይፎይድ ነው» ከተባለና ትኩሳቱ ከተመላለሰ፣ ነገሩ ታይፎይድ ላይሆን እንደሚችል መጠርጠር ግድ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ የቫልቭ ሕመም ካለባችሁ ወይም ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ክሊኒክም ሆነ መድኃኒት ቤት ስትገቡ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችሁ «የልብ ቫልቭ ሕመም አለብኝ» ይሁን። ትኩሳቱን ከዚያ በኋላ ንገሩ። ካልቸር በጤና ጣቢያ ደረጃ አይሠራም፤ ሪፈር ወደ ሆስፒታል አጽፉ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ መሄዱ ቢሰለችም አሞክሲሲሊን ገዝቶ ከመጠበቅ ይሻላል። መድኃኒት አስቀድማችሁ ወስዳችሁ ከሆነም አትደብቁ። ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ። ምን ተወስዶ እንደነበር ማወቅ ሐኪሙን በጣም ይረዳዋል። ጥሬ ወተት የምትጠጡ፣ ከብት ወይም ፍየል የምታዋልዱ ከሆነም ተናገሩ። ብሩሴላ የሚባለው ባክቴሪያ በዚያ መንገድ ይመጣል፣ በካልቸር ለመብቀልም ረጅም ጊዜ ሊፈጅ ይችላል።

ሕመምተኛው በጣም ከደከመ፣ የደም ግፊቱ ከወረደ፣ ትንፋሽ ካጠረው ካልቸሩ በደቂቃዎች ውስጥ ተቀድቶ መድኃኒቱ ወዲያው ይጀመራል። ውጤት አይጠበቅም። ቅደም ተከተሉ ያው ነው፣ ፍጥነቱ ብቻ ይጨምራል።

ሁለተኛው ትልቅ ምርመራ ኢኮ ነው፤ የልብ አልትራሳውንድ። ደረት ላይ የሚደረገው ኢኮ የራሳቸው ቫልቭ ካላቸው ሕሙማን መካከል 70 በመቶ ገደማ የሚሆኑትን ቬጂቴሽን ያሳያል። በጉሮሮ በኩል ገብቶ ከልብ ጀርባ የሚያየው ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ያሳያል። ይህ ሁለተኛው በየከተማው አይገኝም። ቁም ነገሩ «ኢኮው ምንም አላሳየም» ማለት ነገሩ አለቀ ማለት አለመሆኑ ነው። ጥርጣሬው ካለ ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይደገማል።

ሐኪሞች እነዚህን ሁሉ የሚያያይዙት ዱክ በሚባል መመዘኛ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 ወጣ፣ በ2000 ተሻሻለ፣ በ2023 እንደገና ታደሰ። ዋና ከሚባሉት ማስረጃዎች ውስጥ ካልቸርና የልብ ምስል ይገኙበታል። ንዑስ የሚባሉም አሉ፦ የቀደመ የቫልቭ ሕመም፣ ከ38 ዲግሪ ያላነሰ ትኩሳት፣ የተሰበረው ቁርጥራጭ ያመጣው ጉዳት፣ የመሳሰሉት። ሁለት ዋና ማስረጃ ከተገኘ በሽታው ተረጋገጠ ይባላል። አንድ ዋናና ሦስት ንዑስ፣ ወይም አምስት ንዑስም ያረጋግጣል።

በምሳሌ እንየው። አንዲት የ24 ዓመት የኮምቦልቻ ወጣት ሩማቲክ የልብ ሕመም አለባት እንበል። 39 ዲግሪ አተኮሳት። ሁለት ንዑስ ማስረጃ ያዘች። ኢኮ ሲታይ ሚትራል ቫልቯ ላይ ቬጂቴሽን አለ። አንድ ዋና ተጨመረ። ካልቸሯ መድኃኒት ሳትጀምር ተቀድቶ ከሆነና ስታፊሎኮከስ ደጋግሞ ከበቀለ ሁለት ዋና ይሆናል። ተረጋገጠ፣ መድኃኒቱም ተለየ። አስቀድማ አሞክሲሲሊን ወስዳ ካልቸሩ ባዶ ከሆነ ግን ያላት አንድ ዋናና ሁለት ንዑስ ነው። መመዘኛው «ሊሆን ይችላል» ብሎ ይተዋታል። ያችው ልጅ፣ ያው ቫልቭ፣ ያው ትኩሳት። ከመድኃኒት ቤት የተገዛችው ፍሬ እንዲህ ነው የምትጎዳው።

ሕክምናው ረጅም ነው። በደም ሥር፣ በከፍተኛ መጠን፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ከተያዘ ከ6 ሳምንት አያንስም። ለስትሬፕቶኮከስ ፔኒሲሊን ወይም ሴፍትሪያክሶን ይሰጣል። ለስታፊሎኮከስ እንደ ክሎክሳሲሊን ያለ፣ ባክቴሪያው ያንን ከተላመደ ደግሞ ቫንኮማይሲን። ቀኑ የሚቆጠረው መርፌው ከተጀመረበት ዕለት አይደለም። ካልቸሩ እየተደጋገመ ደሙ ንጹሕ ከሆነበት የመጀመሪያ ቀን ነው።

«ለምን ይህን ያህል?» ለሚል ሰው መልሱ ቬጂቴሽኑ ውስጥ ነው። የራሱ የደም ሥር የለውም። ነጭ የደም ሴል ወደ ውስጡ አይዘልቅም። ባክቴሪያው ተጨናንቆ፣ ዕድገቱን አዘግይቶ ይቀመጣል። ብዙ ፀረ ባክቴሪያዎች ደግሞ በደንብ የሚገድሉት የሚራባውን ነው። መድኃኒቱ ከደሙ እየሰረገ እስከ እምብርቱ እንዲደርስ ብዙ መጠንና ብዙ ቀን ያስፈልገዋል።

የሚያሳዝነው ትኩሳቱ በመጀመሪያው ሳምንት ወይም በ10 ቀን ውስጥ መውረዱ ነው። ማለቴ፣ መውረዱ ደስ ይላል፤ ግን ያን ጊዜ ነው ብዙ ቤተሰብ «ድናለች፣ እንውጣ» የሚለው። አስታማሚ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ቤት ልጆች አሉ። የምግቡም ወጪ ቀላል አይደለም። ይህን ማንም የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ያደረ ሰው ይረዳዋል። ቢሆንም ሁለተኛ ሳምንት ላይ የወጣ ሰው ባክቴሪያውን ከነነፍሱ ይዞ ነው የሚወጣው። ዴንማርክ ውስጥ 400 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሁኔታቸው የተረጋጋ ሰዎች ቢያንስ 10 ቀን በደም ሥር ከወሰዱ በኋላ ወደሚዋጥ መድኃኒት መዞር እንደሚችሉ አሳይቷል። ግን በጉሮሮ ኢኮ እየታዩ፣ ሁለት የተመረጡ መድኃኒቶች አብረው እየዋጡ፣ በቅርብ ክትትል ነው። ከዋርዱ ሐኪም ጋር ተነጋገሩበት፤ በራሳችሁ አትወስኑ። ጠበሉንም ዱዓውንም ማንም አይከለክላችሁም፤ ሰዓቱን ጠብቆ የሚሰጠው መርፌ ግን አንድም እንዳያልፍ።

አስታማሚ ብዙ ሊረዳ ይችላል። ካኑላው ያለበት ቦታ ከቀላ፣ ከጋለ፣ ካበጠ ለሲስተር ይናገር፤ እሱ ራሱ አዲስ ኢንፌክሽን ያመጣል። ቫንኮማይሲን ቀስ ብሎ፣ ቢያንስ በአንድ ሰዓት ነው መንጠብጠብ ያለበት። ከፈጠነ ፊትና አንገት ይቀላል፣ ያሳክካል። ጀንታማይሲን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ የታዘዘለት ሰው ጆሮው ከጮኸ፣ ካዞረው ወይም ሽንቱ ከቀነሰ ዝም አይባልም። በየጊዜው ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) የሚነሳውም በከንቱ አይደለም፤ መግሉ ወደ ልብ ጡንቻ ከዘለቀ የልብ ምት የሚተላለፍበትን መስመር ሊያቋርጥ ይችላል።

መድኃኒት ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ። ቫልቩ ከተቀደደ ደም ወደኋላ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ሕመምተኛው ጋደም ማለት ያቅተዋል፣ ቁጭ ብሎ ያድራል፣ አረፋ ያለው ሮዝ አክታ ሊያወጣ ይችላል። ያኔ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል፣ በፍጥነት። መግል ከቋጠረ፣ መድኃኒቱ እየተሰጠ ካልቸሩ አልጸዳ ካለ፣ ወይም ከ10 ሚሊ ሜትር የበለጠ ቬጂቴሽን ኖሮ ቁርጥራጩ መብተን ከጀመረም እንዲሁ። «ኢንፌክሽኑ ሳይጠፋ ልብ አይከፈትም» የሚባለው ትክክል አይደለም። ልቡ እየደከመ ላለ ሰው 6 ሳምንት መጠበቅ ዕድሉን ማሳጣት ነው። እዚህ ላይ እውነቱ ይከብዳል። ልብ የሚከፈተው በአብዛኛው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ አበባ ነው፤ ቦታውም ጠባብ፣ ወረፋውም ረጅም ነው። ለዚህ ነው ሪፈር የሚለው ንግግር ሕመምተኛው ጋደም ማለት ሳያቅተው፣ ኢኮው ችግሩን ባሳየበት ቀን መጀመር ያለበት። አስታማሚ «ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋት ይሆን? ከየት ጋር ትነጋገራላችሁ?» ብሎ መጠየቁ ድፍረት አይደለም።

የዳነ ሰው እንደገና ሊያዝ ይችላል። ከወጣ በኋላ ባሉት ወራት ትኩሳት ከመጣ ያው ሕግ ይሠራል፦ ካልቸር ይቀድማል።

ለሩማቲክ የልብ ሕመም በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ከዚህ በሽታ የሚጠብቃቸው የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች አሉ። መርፌው የሚከላከለው ሩማቲክ ትኩሳት፣ ማለትም ያ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣው ጥቃት፣ ተመልሶ ቫልቩን ይበልጥ እንዳይጎዳ ነው። አታቋርጡት፤ ግን «መርፌዬን እየተወጋሁ ነው» ብላችሁ ትኩሳትን ችላ አትበሉ። ለዚህኛው በሽታ ዋናው መከላከያ አፍ ነው። በብሩሽም ሆነ በመፋቂያ በየቀኑ መፋቅ፣ የተበላ ጥርስን ሳያምግል ማሳከም። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው፣ ከዚህ በፊት ኢንዶካርዳይተስ የያዘው፣ ወይም አንዳንድ ከውልደት የመጡ የልብ ችግሮች ያሉበት ሰው ጥርስ ከመነቀሉ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ 2 ግራም አሞክሲሲሊን ይወስዳል። ይህ የአዋቂ መጠን ነው። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ሌላ ይታዘዝለታል። ሩማቲክ የልብ ሕመም ብቻ ላለባቸው ሰዎች ግን አገሮች የተለያየ መመሪያ አላቸው። ስለዚህ የጥርስ ቀጠሮ ስትይዙ ክትትል የሚያደርግላችሁን ሐኪም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለጥርስ ሐኪሙም ወንበሩ ላይ ሳትቀመጡ ንገሩት።